ካርቡሬተር ያስገጠምኩባት ሚኒባስ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

በዛች የምትባለው የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ከአቀስታ መንገድ በጭነት መኪና ተጎትታ ገባች። ሾፌሩ ሞላ እንደሚለው ደጋው ላይ ድንገት ጠፍታ ዳግመኛ አልነሣም ብላለች። በሽማግሌው መካኒክ በጋሽ ብዙነህ ጋራዥ በር ላይ አቆሟትና በዛች ወደማስተምርበት ኮሌጅ ደወለችልኝ። «መቅዲዬ፣ አንቺ እያለሽ ለማን ላሳያት?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ላይ ሰው ቤት ሠርታ ይዛ የተመለሰችው ይህችን መኪና ብቻ ነው። የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ አስረክቤ ሄድኩ።

የኮሌጁን የመመርመሪያ መሣሪያ ይዤ ነበር። የዚህች መኪና ሞተር ቤንዚኑን የሚረጨው በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሆነ፣ መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ጠየቅሁት። መልስ የለም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ መልስ የለም። ኮምፒውተሩ መቃጠሉን ለበዛች ነገርኳት።

ጋሽ ብዙነህ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለማየት ሁለት ቀን ጠየቁ። አስፈላጊ አለመሆኑን በጥቂት ቃላት አስረዳኋቸው። ቆመው የነበሩት ሾፌሮች ሳቁ። እርሳቸው መፍቻቸውን ወደ ሣጥኑ መለሱ።

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው በር ላይ ቆሜ ሥራቸውን እመለከት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላባረሩኝም። ይህን ዛሬ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ለሞተሩ የሚሆን ኮምፒውተር አዲስ አበባ ድረስ ተፈልጎ ጠፋ። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ካርቡሬተር እንዲቀየር ተወሰነ። ካርቡሬተር ኮምፒውተር አይሻም፤ አየሩ ራሱ ወደ ሞተሩ ሲገባ ቤንዚኑን ስቦ ይዞት ይገባል።

«ኻላስ፣ በቃ ይቀየር!» አለች በዛች። «ቆማ የምትውል መኪና ላይ ዓይኔን ልተክል አይደለም የተሰደድኩት።»

ጋሽ ብዙነህ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ካርቡሬተርስ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ» አሉ። «ግን ይህች መኪና ደጋ ወጥታ የምትወርድ ናት። ያኛው አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በራሱ ይቀንስ ነበር። ይኼኛው አይቀንስም።»

«መጠኑን እኔ አሰላዋለሁ» አልኳቸው።

በዛች ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት፦ «መቅደላዊት ናት መርምራ ያገኘችው፤ የእኛው ልጅ።» ደስ አለኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ሥራው ዛሬ አለቀ። ስምንት ቀን ፈጀ። ካርቡሬተሩ ከኮምቦልቻ፣ ከተፈታ መኪና ላይ የመጣ ነው። ጋሽ ብዙነህ ቤንዚን የሚረጩትን አራት መርጫዎች ነቅለው፣ የአየር ማስገቢያውን ለውጠው፣ የእሳቱንም ማከፋፈያ በድሮው ዓይነት ተኩ። በታንከሩ ውስጥ ያለው ኃይለኛ ፓምፕ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቀዋል ብለው ደካማ ፓምፕ አኖሩ። ይህን የመጨረሻውን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ያሰብኩት መስዬ ግን ራሴን ነቀነቅሁ።

ሞላ አስነሣት። ተነሣች። በዛች እልል አለች።

የተነቀለውን ኮምፒውተርና ሽቦዎቹን ለማስተማሪያ ወደ ኮሌጁ ወሰድኩ። በጣውላ ላይ ደርድሬ ቸንክሬ፣ ከላይ በደማቅ ቀለም «የተቃጠለ የሞተር ኮምፒውተር» ብዬ ጻፍኩበት። ከሠልጣኞቼ አንዷ ዝናሽ ተጠግታ አሸተተችውና፣ «ቲቸር፣ የተቃጠለ ነገር አይሸትም እንዴ?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ አይደለም» አልኳት።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ጥድፊያ ላይ ነኝ። ጥቁር ጭስ። እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች ከሰል መስለዋል። ሞላ እንዳለው አቀስታ ስትቃረብ ትታፈናለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ቤንዚን ትሸታለች። ጋሽ ብዙነህ ያሉት ነው የሆነው፦ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ አልቀነሰም።

ሒሳቤን ሠርቼ ሰጠኋቸው። ቤንዚን የሚያልፍባትን የነሐስ ብሎን ቀዳዳ ማጥበብ ያስፈልጋል። እርሳቸው ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘው በቀዳዳዋ ውስጥ አሳለፏትና ጠበበች። ደጋው ላይ ሠራች። ወደዚህ ወደ መካነ ሰላም ስትወርድ ግን ጉልበት አጣች። እናም ሞላ ሲወጣ ክሯን ማስገባት፣ ሲወርድ ማውጣት አለበት።

«መኪና ነው የምነዳው ወይስ ጆሮ ነው የምበሳው?» አለ ሞላ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ዛሬ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ተራ አስከባሪው ካሳ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። «አቀስታ! አቀስታ! የዳሳሹ መኪና አንድ ሰው ቀራት!»

«ዳሳሹ ደግሞ ማን ነው?» አለ አንድ እንግዳ።

«ብዙነህ ነዋ! በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚጠግነው፤ እንደ ጠንቋይ።» ሁሉም ሳቁ።

ይህን ስም ማን እንዳወጣላቸው አልጠየቅሁም። ደብተሮቼን አቅፌ በፍጥነት አለፍኩ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

መጥፎ ቀን። ሚኒባሷ ደጋው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ውርጭ ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ፤ አልተነሣችም። ሞላ ጣቱ ደንዝዞ ክሯን ሣር ውስጥ ጣላት። አራት ሰዓት ሙሉ ሌላ መኪና አላለፈም።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ልብስ ሰፊው አወቀ ነበር። እናቱ ማለዳ አርፋ ወደ ቀብሯ ይሄድ ነበር። ሲደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጋራዡ ጋ ነበርኩ። ልሄድ ስል አወቀ መጣ። ጥቁር ለብሷል። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢያደርግ ይሻል ነበር።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እናቴን አፈር ሲያለብሷት አልደረስኩም።»

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ። እኔን አራት ሰዓት ሜዳ ላይ ያስቀመጠኝ የርስዎ እጅ ነው። ያ እጅ ይሰበር።»

ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። በዛች፣ «እኔስ ምን ላድርግ፣ አምኜ ነው የሰጠኋቸው» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት። ጋሽ ብዙነህ እጃቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያም በጨርቅ ሸፈኑት፣ እንደ በረደው ሰው። ወደ እኔ አላዩም። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንም ወደ እኔ አላየም።

ሒሳቡ የእኔ መሆኑን መናገር ይገባኝ ነበር። ሆኖም ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ክር መጥፋቱ የሒሳብ ስሕተት አይደለም። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ቤት ገባሁ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ለነገው ትምህርት ስዘጋጅ በጣውላው ላይ ላለው ኮምፒውተር ከባትሪ ኤሌክትሪክ ሰጠሁት። የተቃጠለ ኮምፒውተር እንዴት ዝም እንደሚል ለሠልጣኞቼ ለማሳየት ነበር። አሮጌዎቹ ሽቦዎች የተወሳሰቡ ስለሆኑ በአዲስ ሽቦ አገናኘሁት። በጣውላው ላይ ያያያዝኳት የማስጠንቀቂያ መብራት በራች። የመመርመሪያ መሣሪያውን ሰካሁ። መለሰልኝ። የጠየቅሁትን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰልኝ።

አሮጌዎቹን ሽቦዎች ዘረጋኋቸው። ኮምፒውተሩን ከመኪናዋ ብረት ጋር የምታገናኝ አንዲት ጥቁር ሽቦ አለች፤ ጋራዥ ውስጥ ማሳ ይሏታል። እርሷ ከሌለች ኮምፒውተሩ ጤነኛም ቢሆን አይናገርም። ልባሷን በምላጭ ሰነጠቅኋት። ውስጧ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ሞላ አቀስታ ሲያድር ውርጭ እንዳይመታው ብሎ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሞተር በጆንያ ያለብሰዋል። እዚያ የሚያድሩ ሾፌሮች ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ። ጆንያው ጠዋት ርሶ ይነሣል፤ ውሃው የሚንጠባጠበው እዚህች ሽቦ ላይ ነው። በጣት ተጭኖ ለሚዳስሳት ሰው ልባሷ ሥር ባዶነቷ ይታወቃል። ዳሰስኳት። ይታወቃል።

መጽሐፌን ከፈትኩ። ምዕራፍ ሰባት፣ የመጀመሪያው ገጽ፦ ኮምፒውተሩ ሞቷል ብሎ ከመፍረድ በፊት ኤሌክትሪኩንና የማሳውን ሽቦ መርምር። ከሥሩ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ በተማሪነቴ፣ በማስመሪያ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ትምህርቱን ወደ ሌላ ርዕስ ቀየርኩት። ጣውላውን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ዝናሽ ለምን እንደዞረ ጠየቀች። አቧራ፣ አልኳት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

በኮሌጁ የተሽከርካሪ ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ሴት አሠልጣኝ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ስምንት ሴቶች ተመዝግበዋል፤ አምና ሁለት ነበሩ። እኔ ስሕተቴን ብናገር የሚሰደቡት እነርሱ ናቸው። «ድሮም ሴት ለሞተር» ይባላል። ስለዚህ ዝም ማለቴ የራሴን ክብር ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ይህን በጥንቃቄ አስቤበታለሁ።

ጋሽ ብዙነህ ጋራዥ ዛሬ አንድም መኪና አልነበረም። ትናንትም አልነበረም። እርሳቸው በባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠው ብሎኖችን በየመጠናቸው ይለዩ ነበር። የተለዩ ብሎኖች ነበሩ፤ ደባልቀው እንደገና ሲለዩዋቸው አየሁ።

ሰላም ሳልላቸው በሌላው መንገድ ዞርኩ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ጾም ላይ ነን። ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በሥራዬ ላይ ጥንቃቄ ማጉደሌን ተናዘዝኩ። «በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት አለ?» አሉኝ። «መኪና ላይ ነው፣ አባ» አልኳቸው። አርባ ስግደት ሰጡኝ። አርባውንም ሰገድኩ። ስወጣ ቀሎኝ ነበር፤ በሩን እስክሻገር ድረስ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ጋሽ ብዙነህ ጋራዡን ሊዘጉ ነው። በዛች ናት የነገረችኝ። ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው አሉ፤ መሣሪያቸውን የሚገዛ እየፈለጉ ነው። «ምን ያድርጉ፣ ከአወቀ እርግማን በኋላ ማን ይሄድላቸዋል?» አለች። የምትጠጣውን ውሃ ስትጨርስ ደግሞ፣ «ደግነቱ አንቺ ነበርሽልን» አለችኝ።

ከእርሷ ቤት ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። የሰነጠቅኋትን ሽቦ ከቦርሳዬ አውጥቼ በመዳፋቸው ላይ አኖርኳት፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለብዙ ጊዜ በአውራ ጣታቸው አሻሿት።

«እና ይህን ለምን እዚህ ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎን ስለበደልኩ ነው።»

«እዚህ ነው እንዴ የበደልሽኝ? በር ዘግተሽ ነው?» ሽቦዋን መለሱልኝ። «ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነው ያልሽው። ሰው እኔን ዳሳሹ ብሎ ሲጠራኝ ከማን አፍ እንደወጣ የማላውቅ መስሎሻል? ያኔ በዚያች በር ላይ ትቆሚ የነበርሽው ልጅ መሆንሽ ነው ያሳዘነኝ። እኔ የይቅርታ ችግር የለብኝም፣ መቅደላዊት። ስሜ ግን እዚህ ጋራዥ ውስጥ አልጠፋም። የጠፋው መናኸሪያ ነው።»

ቃሉን በዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ጥቅምት 12 ቀን «በጥቂት ቃላት አስረዳኋቸው» ብዬ አልፌዋለሁ። ቃሉ ይህ ነው፦ «ጋሽ ብዙነህ፣ ይህ እንደ ድሮው በመዳሰስ የሚገኝ አይደለም።» ሾፌሮቹ ሲስቁ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

መናኸሪያ ሄድኩ። ሾፌሮቹ ሻይ ይጠጡ ነበር። ቆሜ ተናገርኩ። በሚገባ አዘጋጅቼው ስለነበር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የመረመርኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ብዙነህ ሽቦውን እንይ ብለው ነበር፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፣ አልኩ።

ከዚያ ካሳ አጨበጨበ።

«እሰይ የኔ እህት! አያችሁ? የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ የሽማግሌ ገመና ይሸፍናል!»

«እውነቴን ነው፣ ካሳ።»

«አብሽሪ ቲቸር» አለ ሞላ። «ገብቶናል። እሳቸው ጋራዡን ሊዘጉ ነው ሲባል አንጀትሽ አልቻለም። ባንቺ ቦታ ማንም ጥፋት በራሱ ላይ አይወስድም።»

«ሞላ፣ እየሸፈንኩ አይደለም!»

«እሱን ነው የምልሽ። ተቀመጭ አቦ፣ ሻይ አምጡላት!»

ሻይ መጣልኝ። ጠጣሁት።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አወቀ ቤት ሄድኩ። የመናኸሪያው ወሬ ደርሶት ነበር፤ «ትልቅ ሰው ነሽ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ሽቦዋን አሳየሁት። እርሱ እንደ ሌሎቹ አልሳቀም። ልብስ ሰፊ ነው፤ የበሰበሰ ክር ያውቃል። ሳብ ሲያደርጋት ለሁለት ተበጠሰች።

«ይህ በየትኛው ቀን ነው የታወቀሽ?»

«ኅዳር 18።»

ቀኖቹን በጣቶቹ ቆጠረ። «እኔ ሽማግሌ ረግሜያለሁ» አለ። «አባቴ የሚሆን ሰው። እጁ ይሰበር ብያለሁ፣ በእናቴ ሐዘን ውስጥ ሆኜ። እርግማን ደግሞ እንደ ልብስ ተተርትሮ አይሰፋም። ምን ላድርገው? መጽሐፍሽ ስለዚህ የሚለው ነገር አለ?»

የለም፣ አልኩት። ወደ በሩ ሸኘኝ፤ እጁን ግን አልዘረጋልኝም።

መልስ ላይ ጋራዡ ጋ ቆምኩ። መናኸሪያ የሆነውን ለጋሽ ብዙነህ ነገርኳቸው። «ይኸው» አሉ። «ትናንትና መካኒክ አይደለም ተባልኩ። ዛሬ ደግሞ ሴት ልጅ የምትዋሽለት ምስኪን ሆንኩ።» ከዚያ፣ «ቃል አያምኑም። ሞተር ያምናሉ። ኮምፒውተሩን አምጪ» አሉኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

አራት ቀን አብረን ሠራን። ለሥራው ከሚያስፈልገው በስተቀር አልተነጋገርንም። «አብሪልኝ። ያዢ። ልቀቂ።» ካርቡሬተሩን ፈታን፤ ሽቦዎቹን፣ መርጫዎቹን፣ የአየር ማስገቢያውን፣ የእሳቱን ማከፋፈያና ኃይለኛውን ፓምፕ ወደየቦታቸው መለስን። እኔ በቶሎ ያሰርኩትን ብሎን ሁሉ እርሳቸው እንደገና ፈትተው አሰሩት። ኮምፒውተሩንና ማሳዋን ግን ሆን ብለው አላስገቡም።

ዛሬ መኪናዋን እየገፋን መናኸሪያው መካከል አቆምናት። በዛች፣ አወቀ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ከበቡ። ጋሽ ብዙነህ ወደ ኋላ ቆሙ። «እሷ ትሥራው» አሉ።

ኮምፒውተሩን አስገባሁ። በመጀመሪያ በአሮጌዋ፣ ብጣሿን ባስተሳሰርኳት ሽቦ አገናኘሁት። ሞላ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተሽከረከረ፣ አልተነሣም። «ጥቅምት 12 ቀን ያየሁት ይህንን ነው» አልኩ። «ይህን አይቼ ነው ተቃጥሏል ያልኩት። ጋሽ ብዙነህ ሽቦውን እንይ አሉ፤ እኔ ሳቅሁባቸው።» ከዚያ አዲሷን ሽቦ በብሎን አሰርኩ። ሞላ ቁልፉን አዞረ።

በአንድ ጊዜ ተነሣች። ጭስ የለም፣ መንተፋተፍ የለም።

ከዚያ ካሳ፣ «አንዲት ሽቦ!» አለ። «ወይ ጉድ! በአንዲት ሽቦ ነው ያ ሁሉ?» ሳቁ ተነሣ። «ቲቸር፣ እኔንስ ሳያመኝ ቅበሪኝ እንጂ!» አለ አንዱ። «መሣሪያዋን አትስጧት፣ ሰው ላይ ትሰካለች!» አለ ሌላው። «አቃጣይዋ!» አለ ካሳ፤ ስሙ ተወደደ፤ ደጋገሙት።

በዛች አልሳቀችም። ተጠግታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ባንቺ እምል ነበር እኮ፣ መቅዲ» አለችኝና ወደ መኪናዋ ገባች።

አወቀ ሰዉን እየጣሰ መጥቶ በጋሽ ብዙነህ ጉልበት ላይ ወደቀ። ወዲያው አነሡት፤ ራሱን ደረታቸው ላይ አድርገው ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አሉት። እኔ ቆሜ ነበር። ሳቁ አላቆመም። ሁሉም ሰው ጋሽ ብዙነህ አንድ ቃል ቢናገሩ እንደሚበርድ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። እርሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት፣ ሳይቸኩሉ። ከአወቀ እርግማን ወዲህ ያለውን ወር ያህል ረዘመብኝ። አሥሩም ጣት ጸዳ። ከዚያ፣ «ይበቃል» አሉ፤ ሰዉም በቃው።

ይበቃል ያሉት ለእኔ አዝነው ነው ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አልጽፈውም። ሥራ ስለነበረባቸው ይሆናል፤ ሁለት ሾፌሮች መኪናቸውን ይዘው ይጠብቋቸው ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ለሠልጣኞቼ ነገርኳቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ዝናሽ እጇን አውጥታ፣ ካወቅሁ በኋላ ስንት ቀን ዝም እንዳልኩ ጠየቀች። አሥራ አምስት ቀን፣ አልኩ። ለምን፣ አለች። ለእናንተ ብዬ ነው የሚለውን መልስ ያን ጊዜ ለራሴ ሰጥቼው እንደነበር፣ እውነት ግን እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ስምንቱም አቀርቅረው ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም።

ወደ ቤት ስመለስ በጋራዡ በር በኩል ሄድኩ። አንዲት ፒክአፕ ቆማለች፤ ሌላም ከኋላዋ። ጋሽ ብዙነህ ከሞተሩ ቀና አሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ብዙነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ዋልሽ?»

ግቢ አላሉኝም። በሩ ላይ ጥቂት ቆምኩ። አላባረሩኝም።